ኮምቦልቻ ሲወርድ የሚሻለው ጣት

ባለጉዳይዋ የ38 ዓመት ሴት ናት። ደሴ፣ ሮቢት አካባቢ ትኖራለች። እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ወደምሠራበት ሕክምና ቦታ የመጣችው በቀኝ እጇ የቀለበት ጣት ምክንያት ነው። ሕመሙ ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል። ማንነቷን የሚያሳብቁ ነገሮችን ቀይሬያለሁ። ታሪኩ እንዲጻፍ ግን ራሷ ፈቅዳለች። እንዲያውም “ይጻፉት ዶክተር፣ እኔን ያንከራተተኝ ሌላውን እንዳያንከራትት” ያለችው እሷ ናት።

ጣቷን ሲያዩት ምንም አይልም። አላበጠም፣ አልቀላም፣ መግል የለውም። ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። መከራዋም የመጣው ከዚሁ ነው። የማይታይ ነገር ያመኛል የሚል ሰው ቶሎ አይታመንም።

ሕመሙ በሁለት መልክ ይመጣል። አንደኛው ዝም ብሎ የሚጠዘጥዝ ነው፤ ሌሊት ይብሳል። ሁለተኛው ድንገተኛ ነው። አንድ ነገር ጥፍሯን ገጨት ሲያደርገው “ኮረንቲ የያዘኝ ያህል እስከ ብብቴ ይነዝረኛል” ትላለች። ብርድ ልብስ ሲነካው ከእንቅልፏ ትባንናለች። ልጆቿ ቀኝ እጇን መያዝ ትተዋል። ሰው ሰላም ስትል የምትዘረጋው አንጓዋን ነው፤ ማዕድ ላይ ያለ ወይም እጁ የረጠበ ሰው እንደሚያደርገው። ጋጋሪ ስለሆነች መጀመሪያ ሰሞን ማንም ልብ አላላትም። ኋላ ላይ ሰርግና ለቅሶ ቤትም አንጓዋን መስጠት ስትጀምር፣ ኮራች ብለው የተቀየሙ ዘመዶች ነበሩ።

በነዚያ ዓመታት ያልተባለችው ነገር የለም። መጀመሪያ “ብርድ ነው” ተባለች። ደሴ ላይ ይሄ ሁሉም ሰው ለሁሉም ሰው የሚለው ነገር ነው። ቀጥሎ ቁርጥማት ተባለ፣ ቀጥሎ ሪህ። ዲክሎፌናክ ዋጠች፣ ተወጋችም፤ ትርፏ የጨጓራ ሕመም ሆነ። የቢ ቫይታሚን መርፌ ተከታትላ ወሰደች። አንድ ቦታ ጥፍር ሥር የተደበቀ መግል ይሆናል ተብሎ አንቲባዮቲክ ታዘዘላት። ሌላ ቦታ ጥፍሯ ተነቀለ። አዲስ ጥፍር በቀለ፣ ሕመሙ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ከአንገት የሚመጣ ነርቭ ነው ያላትም ነበረ፤ የአንገት ራጅ ተነሣች። ወጌሻ ደግሞ አሽቶ አባሰባት። እናቷ ዱዓ አስደረጉላት። መጨረሻ አካባቢ “ጭንቀት ነው” ተባለችና ለእንቅልፍ የሚረዳ ክኒን ይዛ ወጣች። ተስፋ የቆረጠችው ያን ጊዜ ነው። ለኛ የመጀመሪያ ጥያቄዋም “ይቆረጥልኝ ብል ትቆርጡልኛላችሁ?” የሚል ነበር።

ኋላ እንደደረስንበት፣ ሕመሟ የመጣው ከጥፍሯ ሥር ከተደበቀ ግሎመስ ከሚባል ትንሽ እጢ ነው። በእጅ ላይ ከሚወጡ የለስላሳ አካል እጢዎች ውስጥ ይሄኛው ከ1 እስከ 5 በመቶ ቢሆን ነው። አንድ ጠቅላላ ሐኪም በሥራ ዘመኑ አንዴም ላያየው ይችላል። ስለዚህ ስሙ ትዝ ባላላቸው ሰዎች ብዙም አልፈርድም። የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ይዛው የመጣችው የወረቀት ክምር ውስጥ “ሲበርድሽ ምን ይሰማሻል?” ተብላ ስለመጠየቋ አንድም ምልክት የለም። ብርድ ነው ብሎ የፈረደ ሞልቷል፤ ስለ ብርዱ የጠየቀ የለም።

እሷ ደግሞ መልሱን ይዛ ትዞር ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት እህቷ ኮምቦልቻ ላይ ወለደች። ልታርሳት ወረደችና ቆየት አለች። እዚያ እያለች ጣቷ አረፈላት። ጨርሶ አልተዋትም፤ ከነኩት ያማል። ሌሊቱን ግን ተኛች። ደሴ በተመለሰች በማግስቱ፣ ገና ሊጡን ስትነካ ያው ሆነ። ሌላ ጊዜ ደግማ ወረደች፤ ደግሞ ተሻላት። ከኮምቦልቻም ዝቅ ብላ ሐርቡ ዘመድ ጥየቃ ስትሄድማ ጣት እንዳላት ረሳችው።

ቤተሰቡ ነገሩን በየራሱ መንገድ ተረጎመው። እናቷ ቤቱ ላይ ዓይን አርፏል አሉ። ጎረቤት ምቀኛ ጠረጠረች። ባሏ ሾፌር ነው፤ ሁለቱን ከተሞች በየቀኑ ይመላለስባቸዋል። እሱ “የደሴ አየር አልተስማማትም” ብሎ ደመደመና ኮምቦልቻ ላይ የኪራይ ቤት ማፈላለግ ጀመረ። ከሁሉም ይልቅ ወደ እውነቱ የቀረበው እሱ ነው። ሐኪሞቹንም ጨምሬ ነው የምለው።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ የጦሳን ተራራ ተደግፋ የተቀመጠች ከተማ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በሐረጎ ጠመዝማዛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወረድ 600 ሜትር ያህል ከፍታ ይቀነሳል። አየር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በሁለቱ ከተሞች መካከል ወደ 4 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት አለ ማለት ነው። ኮምቦልቻ መናኸሪያ ሲደርስ ጃኬቱን የሚያወልቅ መንገደኛ ሁሉ ይህን ያለ ቴርሞሜትር ያውቀዋል። ለጤነኛ ጣት 4 ዲግሪ ምንም ማለት አይደለም። ለዚህች ሴት ግን በመተኛትና ባለመተኛት መካከል ያለው ልዩነት ነበር።

ሌላም ነገር ነገረችን። ጠዋት በቀዝቃዛ ውሃ ሊጥ ስታቀጥን ዕንባዋ ይመጣል። ምጣዱ ከጋለ በኋላ ግን ጣቷ እየተወ እየተወ ይሄዳል። “ወላሂ ዶክተር፣ እሳቱ ነው መድኃኒቴ” አለች። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ውርጭና የሐምሌ ዝናብ ለሷ የሲኦል ወራት ናቸው። መግል የቋጠረ ወይም የቆሰለ ጣት አብዛኛውን ጊዜ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካው እፎይ ይላል እንጂ እንዲህ አያብድም። ይሄ አንዱ ፍንጭ ነው።

በቅዝቃዜ የሚነሣ የጣት ሕመም ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ሬይኖ የሚባል ችግር አለ። እሱ ያለባቸው ሰዎች ሲበርዳቸው ብዙ ጣቶቻቸው ባንዴ ይነጣሉ፣ ከዚያ ወደ ሰማያዊ ያደላሉ፣ ሲሞቃቸው ይቀላሉ። የሷ ጣቶች ቀለም አይለውጡም። ዘጠኙ ጣቶቿ ፍጹም ጤነኞች ናቸው። የምታመው በአንድ ጣት፣ በአንዱም ጣት ላይ በአንዲት ነጥብ ነው። “የቱ ጋ ነው?” ስንላት አንገቷን ወይም ክንዷን አታሳይም። በግራ እጇ ጠቋሚ ጣት፣ ሳትነካው፣ የጥፍሯን ሥር ትጠቁማለች። በነርቭ መጨፍለቅ የሚመጣ ሕመም እንዲህ ነጥብ አይዝም፤ ይሰራጫል፣ ያደነዝዛል።

ምርመራው ውድ መሣሪያ አላስፈለገውም። መጀመሪያ ጥፍሯን መስኮት አጠገብ በደንብ አየነው። ከሥሩ ወደ ጫፉ የሚወርድ ቀጭን ሸንተረር አለ። ከሥሩ አጠገብ ደግሞ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ደብዘዝ ያለ ነጥብ። ካልፈለጉት አይታይም። ቀለም ቀብታው ብትመጣ ኖሮ ጭራሽ አናየውም ነበር።

ሁለተኛው ፈተና በመርፌ ቂጥ የሚደረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ላቭ የተባለ ሐኪም የጻፈው ስለሆነ በስሙ ይጠራል። አይወጉም፣ በዱልዱሙ በኩል ጫን ማለት ብቻ ነው። ከጥፍሩ ጫፍ ጀምረን ቀስ እያልን ተጫንን። ምንም። በቀኝ በኩል፣ ምንም። በግራ በኩል፣ ምንም። ሰማያዊዋ ነጥብ ላይ ስንደርስ ከወንበሯ ዘላ ተነሣች። ከዚያ በሁለት ሚሊሜትር ፈቀቅ ስንል ደግሞ ምንም የለም። “አብሽሪ፣ አልቋል” ብላ ያረጋጋቻት ነርሷ ናት።

ሦስተኛው የኔ ተወዳጅ ነው። ሂልድሬዝ የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970 ያስተዋወቀው ነው። እጇን ወደ ላይ አንሥታ ደሙ እንዲወርድ አደረግን። የደም ግፊት መለኪያውን ክንዷ ላይ አስረን እስከ 250 ነፋነው፤ ወደ እጇ የሚሄደው ደም ቆመ። ከዚያ ያችኑ ነጥብ በዚያው መርፌ ቂጥ ተጫንናት። ዓይኗን ጨፍና፣ ጥርሷን ነክሳ ነበር የምትጠብቀው። ምንም አልመጣም። “እንዴ! የት ሄደ?” አለች። ትንሽ ጨመር አድርገን ተጫንን። ምንም። አየሩን ስንለቀው ደሙ ተመለሰ፣ ሕመሙም አብሮ ተመለሰ። ደም ሲቆም የሚጠፋና ደም ሲመለስ የሚመጣ ሕመም ከደም ሥር የተሠራ ነገር እንዳለ ይናገራል። ጭንቀት የደም ግፊት መለኪያ ሲነፋ አይጠፋም።

አራተኛውን ፈተና ኮምቦልቻ ሠርቶልናል። ለወጉ ያህል ግን ጣቷን በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ አስገባን፤ ወዲያው አወጣችው።

ሦስቱ ነገሮች ማለትም የቅዝቃዜ ጠላትነት፣ ድንገት የሚነሣ ኃይለኛ ሕመም እና በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ የሚገኝ ስሜት ሲገጣጠሙ፣ ከጥፍር ሥር የሚጠረጠረው ግሎመስ የሚባለው እጢ ነው።

በቆዳችን ውስጥ፣ በተለይ በጣት ጫፍ፣ በጥፍር ሥርና በመዳፍ፣ ግሎመስ አካል የሚባሉ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። ማንኛችንም አለን። ደም ከደም ቅዳ ወደ ደም መልስ የሚሄደው በመካከል ባሉ እጅግ ቀጫጭን ሥሮች በኩል ነው። ግሎመስ አካል እነዚህን ሳያቋርጥ ደሙን በቀጥታ የሚያሻግር አጭር መተላለፊያ ነው። ዙሪያውን ጡንቻ የሚመስሉ ሴሎች ከብበውታል። እነሱ ሲኮማተሩ መተላለፊያው ይጠባል፣ ሲላሉ ይሰፋል። የቆዳችን ሙቀት ከሚስተካከልባቸው መንገዶች አንዱ ይሄ ነው። ነርቭም በብዛት ይደርሰዋል። እነዚያ ሴሎች ከመጠን በላይ ሲበዙ ትንሽ እጢ ይሠራሉ። አብዛኛውን ጊዜ 1 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ሌላ ቦታ ቢሆን ይሄን የሚያህል ነገር ማንንም አያስለቅስም። ከጥፍር ሥር ግን ቦታ የለም። ከላይ ጠንካራ ጥፍር፣ ከታች አጥንት አለ። እጢው መሃል ላይ ተጠርቅሞ ይቀመጣል። ቅዝቃዜ ሲመጣ ያ ሁሉ ሴል ይኮማተራል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ኤዲንብራ ይሠራ የነበረው ቀዶ ሐኪም ዊሊያም ውድ እ.ኤ.አ. በ1812 ከቆዳ ሥር ስለሚወጡ፣ ትንንሽ ሆነው ክፉኛ ስለሚያሙ እብጠቶች ጽፏል። ከምን እንደተሠሩ በማይክሮስኮፕ ያሳየው ፈረንሳዊው ፒየር ማሶን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1924። ከጥፍር ሥር የሚወጣው በብዛት የሚታየው ሴቶች ላይ ነው፣ ከ30 እስከ 50 ዓመት ባለው ዕድሜ። ሰዎች ምርመራው እስኪገኝላቸው ዓመታት መንከራተታቸው በየአገሩ የተለመደ ነው። ደሴ ብቻዋን አይደለችም።

ራጅ አስነሣናት። የሁለቱንም እጆች የቀለበት ጣቶች፣ ከፊትና ከጎን፣ ጎን ለጎን ለማየት። በቀኙ ጣት የመጨረሻ አጥንት ላይ፣ ከጥፍሩ በኩል፣ ስርጉድ ያለች ትንሽ ጉድጓድ አለች። በግራው የለችም። እጢው ዓመት በዓመት አጥንቱን ሲገፋ የሠራው ቦታ ነው። ይሄ ምልክት ሁሉም ላይ አይገኝም። ራጁ ንጹሕ ቢሆን ኖሮም ሐሳባችን አይለወጥም ነበር። የአንገቷ ራጅ ግን አራት ቦታ ተነሥቶ የጣቷ ራጅ አንዴም አለመነሣቱ ትንሽ ያስቃል፣ ትንሽ ያበሳጫል።

እዚህ ላይ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ተከራከርን። እሱ ኤምአርአይ፣ ማለትም በማግኔት የሚነሣው ምስል፣ ይነሣ አለ። ክርክሩ ባዶ አልነበረም። ግሎመስ እጢ በኤምአርአይ ላይ በደንብ ያበራል፤ ቦታውንና መጠኑን ቢላ ከመያዝ በፊት ያሳያል። እጢው ከአንድ በላይ ከሆነም ይጠቁማል። ቀድሞ ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ሕመሙ ለተመለሰበት ሰው እኔም ያለ ኤምአርአይ ቢላ አላነሣም። ለዚህች ሴት ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ውጤቱ ምንም ቢል የምናደርገው ነገር ይለወጣል ወይ? ሦስቱም ፈተናዎች አንድ ቦታ ጠቁመዋል፣ ራጁም እዚያው ቦታ ላይ ጉድጓድ አሳይቷል። ኤምአርአዩ “አላየሁም” ቢል እንኳ ያንን ቦታ መክፈታችን አይቀርም። እንግዲያው ወጪው፣ ወረፋውና መንገዱ ለማን ነው? እየጋገረች የምታድር ሴት ናት። በመጨረሻ እሱም ተስማማ፤ “ካልተገኘ ግን አንተ ነህ የምታስረዳት” ብሎ።

ሌሎች ሊሆኑ የሚችሉ ነገሮችን ግን አልዘነጋንም። ከነርቭ ጫፍ የሚወጣ እጢ ሊሆን ይችላል። ከጥፍር ሥር የሚበቅል የአጥንት ቅጥያ ሊሆን ይችላል፤ እሱን ግን ራጁ ያሳየን ነበር። ከሁሉ የሚያሳስበው ከጥፍር ሥር የሚነሣው የቆዳ ካንሰር ነው። እሱ አብዛኛውን ጊዜ ጠቆር ያለ መስመር ሆኖ ነው የሚታየው፤ መጀመሪያ ላይም እንዲህ አያምም። የሚወጣው ነገር ለማንኛውም ወደ ፓቶሎጂ፣ ናሙና በማይክሮስኮፕ ወደሚታይበት ክፍል፣ መላክ አለበት።

ስናስረዳት መጀመሪያ የጠየቀችው የሚጠበቀውን ነው። “ካንሰር ነው?” አይመስለንም አልናት። ግሎመስ እጢ ካንሰር የሚሆነው ከመቶ አንድ እንኳ በማይሞላው ላይ ነው፤ እርግጡን ግን ናሙናው ይናገራል። ሁለተኛው ጥያቄዋ “መቼ ነው መጋገር የምችለው?” ነበር። ይሄኛው ከበደን። ቁስሉ እስኪድን እጇ ውሃና ሊጥ መንካት የለበትም። የምግብ ቤት ደንበኛ ደግሞ አይጠብቅም፤ ሌላ ጋጋሪ ይፈልጋል። ሁለት ጎረቤቶቿ ተከፋፍለው እየጋገሩ በሷ ስም ሊያስረክቡላት ተስማሙ። ወሎ ነውና እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ውይይት አይፈልግም። ሦስተኛ ነገር እኛው ነገርናት። ጥፍሩ ሲበቅል ሸንተረር ሊኖረው ይችላል፤ ከእጢው ቅንጣት ከቀረም ሕመሙ ሊመለስ ይችላል። “ጥፍሩ ጠማማም ቢሆን ይሁን” አለች።

ቀዶ ሕክምናው ማስተኛት አይፈልግም። የጣቷ መነሻ ላይ በግራና በቀኝ ሊዶኬይን የሚባለውን ማደንዘዣ ወጋናት። ደም እንዳይፈስ የጣት ማሰሪያ ያስፈልጋል፤ ለዚህ ከጎማ ጓንት የተሻለ ነገር አላውቅም። የጓንቱን አንድ ጣት ቆርጠው፣ ጫፉን በስተው፣ ጣቷ ላይ አጥልቀው ወደ ታች ይጠቀልሉታል። ደሙን እየገፋ ይወርድና መነሻው ላይ ጥብቅ ብሎ ይቀመጣል። አደጋው አንድ ነው፤ መረሳቱ። ፋሻ ሥር ተረስቶ ቀርቶ ጣት ያስቆረጠበት ጊዜ አለ። ስለዚህ እኛ ጋ ሲታሰር ሰዓቱ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ ሲፈታም ነርሷ ጮክ ብላ “ተፈትቷል” ትላለች።

ማደንዘዣው ከመሥራቱ በፊት ግን አንድ ነገር አድርገናል። የሚያማትን ነጥብ በመርፌ ቂጥ ፈልገን ጥፍሩ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርገናል። ከደነዘዘ በኋላ የት እንደነበር የሚነግረን ማንም የለም።

ጥፍሩን በቀስታ ነቀልነው፤ ልንመልሰው ስለሆነ እንዳይሰበር ጠንቅቀን። ሥሩ ያለው ሥጋ ላይ፣ ምልክት ባደረግንበት በኩል፣ ማጉያ መነጽር አድርገን በቁመቱ ቀደድ አደረግነው። በአግድም ቢቀደድ የሚበቅለው ጥፍር ይሰነጠቃል። ከዚያ ብዙ መፈለግ አላስፈለገም። ወደ ግራጫ ያደላ ሮዝ ነገር፣ በራሱ ስስ ሽፋን ተጠቅልሎ፣ ብቅ አለ። ከዙሪያው ካለው ሥጋ በቀስታ ስንለየው ሳይቆራረጥ በሙሉ ወጣ። ይሄ ነው ዋናው። ሕመሙ የሚመለስባቸው ብዙዎቹ በመጀመሪያው ጊዜ ቅንጣት የቀረባቸው ናቸው። ከሥሩ አጥንቱ ላይ ራጁ ያሳየንን ጉድጓድ አየነው። ሌላ የተደበቀ ካለ ብለን ዙሪያውን ተመለከትን፤ የለም። በቀጭን፣ ራሱ በሚሟሟ ክር ሰፋነው። የነቀልነውን ጥፍር አጥበን እንደ ክዳን መልሰን አስቀመጥነው። ማሰሪያው ተፈታ፣ “ተፈትቷል” ተባለ፣ የጣቷ ጫፍ ቀላ።

እጢው ሲለካ 5 ሚሊሜትር ነው። ላየው አለች። ፎርማሊን ውስጥ ሳይገባ በፋሻ ላይ አድርገን አሳየናት። ዝም ብላ አየችው። ከዚያ ለነርሷ “እቺ ናት ባሌን ቤት ልታስለቅቅ የነበረችው?” አለቻት። ባሏ በዚያ ሳምንት ኮምቦልቻ ላይ ለሚከራዩት ቤት ቀብድ ከፍሎ ነበር። በኋላ እንደሰማነው አከራዩ ግማሹን መልሶለታል። ግማሹን ደግሞ “ሐሳብህን ስለለወጥክ” ብሎ አስቀርቷል። በዚህ ጉዳይ ላይ ሐኪም አያገባውም።

የመጀመሪያው ሌሊት ጣቷ አመማት። ስንጠይቃት ግን “ይሄ ሌላ ነው፣ ይሄ የቁስል ነው” አለች። ቁስሉ ሲሽር እሱም ሄደ። ፋሻው ሲፈታ እዚያው ቆማ ቧንቧ ከፍታ ጣቷን ከውሃው ሥር አደረገችው። እንዳታረጥቢው ብለናት ነበር፤ ማን ሰምቶ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። ምንም አልሆነችም።

የፓቶሎጂ ውጤቱ ዘግይቶ መጣ። በደም ሥሮች ዙሪያ የተደረደሩ፣ መልካቸውም መጠናቸውም የሚመሳሰል ክብ ክብ ሴሎች። በፍጥነት የሚከፋፈሉ ሴሎች የሉም፣ የካንሰር ምልክት የለም። ግሎመስ እጢ፣ ካንሰር ያልሆነ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አጣርተናል። ኤንኤፍ1 የሚባል በዘር የሚተላለፍ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ከአንድ በላይ በሆኑ ጣቶች ላይ ይሄ እጢ ሊወጣባቸው ይችላል። ቆዳቸው ላይ ቡና በወተት የሚመስሉ ሰፋፊ ነጠብጣቦች ይኖራሉ። እሷ ላይ የሉም፣ ቤተሰቧ ውስጥም አይታወቅም።

የጣት ጥፍር በወር 3 ሚሊሜትር ያህል ያድጋል። ስለዚህ ሙሉ ጥፍር እስኪሆን ግማሽ ዓመት ገደማ ፈጀ። መሃሉ ላይ ቀጭን መስመር ቀርቷል። አላስጨነቃትም፤ ጭራሽ ሒና ቀብታው ነው የመጣችው። ታኅሣሥ ላይ ስናያት ቅዝቃዜው ከባድ ነበር። በመርፌ ቂጥ ተጫንናት፤ የመርፌ ቂጥ ተሰማት እንጂ ሌላ ነገር አልተሰማትም። ሕመሙ በሳምንታት ውስጥ ቢመለስ የቀረ ነገር አለ ማለት ነው፣ ከዓመታት በኋላ ቢመጣ ግን አዲስ ሊሆን ይችላል ብለን ነግረናታል። በሁለቱም ጊዜ “ብርድ ነው” የሚላትን ሳትሰማ ትምጣ። መጋገሩን ጀምራለች። ሁለቱን ጎረቤቶች ግን አላሰናበተቻቸውም፤ ደንበኛ ስለጨመረ ሦስት ሆነው እየሠሩ ነው።

ጥር ላይ ከሁለቱ አንዷን ይዛት መጣች። “የኔው ነው፣ አውቄዋለሁ” አለችን ገና ሳትቀመጥ። ጎረቤቷን ጠየቅናት። አውራ ጣቷ፣ ጠቋሚዋና መሃል ጣቷ ሌሊት ሌሊት ይደነዝዛሉ። እጇን ስታራግፍ ይሻላታል። ልብስ ስታጥብና ሊጥ ስታቦካ ይብሳል። ቀዝቃዛም ሆነ ሙቅ ውሃ ለውጥ የለውም፤ በመርፌ ቂጥ የሚገኝ ነጥብም የለም። አንጓዋን አጥፋ ጥቂት ስትቆይ መደንዘዙ መጣ። የሷ እውነትም ነርቭ ነው፤ አንጓ ላይ የተጨፈለቀ። ባለጉዳይዋ ቅር አላት። ምርመራዋ ስላልሠራላት ትንሽ ተከራከረችን። ለጎረቤቷ ሌሊት የምታስረው የአንጓ ድጋፍ አዘዝንላትና ከስድስት ሳምንት በኋላ እንድትመለስ ቀጠርናት።